ሐዋሳ፦ ዓሣው፣ ውሃውና የጀልባው ሂሳብ

ከአዳማ ሐዋሳ ድረስ ስላለው መንገድ ብዙ የምለው የለኝም። ሚኒባሱ ጠባብ ነበር፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል። ረዳቱ ለሻንጣዬ ለብቻው 100 ብር ተቀበለኝ። ሌሊቱ ባሰ። ያደርኩበት ፔንሲዮን አጎበሩ የተቀደደ ነው፤ ቢምቢ ስታዜምብኝ አደረች። አዳማ ነፋሱና አቧራው ያስመርራል እንጂ እንቅልፍ አይከለክልም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ያለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ስደርስ ግን ሁሉንም ረሳሁት። ጀልባዎች መረብ እያራገፉ ነው። ልጆች ዓሣውን በቢላ ሲፈለቅቁት እጃቸው አይታይም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ በመሐል ይንጎራደዳሉ። ትኩስ የዓሣ ሾርባ ጠጣሁ፣ የቆሮሶ ጥብስ በዳጣ በላሁ። እንዲህ ያለ ዓሣ አዳማ ላይ ቀምሼ አላውቅም።

ከዚያ ጉማሬ ለማየት ጀልባ ተከራየሁ። ባለ ጀልባው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ዓሣ ሲያጠምዱ ነው የኖሩት።

"ጋሼ፣ ውሃው ምነው እንዲህ አረንጓዴ ሆነ?" አልኳቸው።

"ከተማው የሚያወርደው አለ፣ እርሻው የሚያወርደው አለ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ደግሞ ዓሣውን ረሳሽው እንዴ?"

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ይህቺን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነገሩ ማን ማንን ይበላል ነው። ከማዳበሪያና ከፍሳሽ የሚመጣው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ዋቅላሚ (አልጌ) ያሳድጋል። ዋቅላሚውን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ይግጡታል። እነሱን ትናንሽ ዓሦች ይለቅሟቸዋል፣ ትናንሾቹን ደግሞ እንደ አምባዛ ያለው ትልቅ ዓሣ ይውጣቸዋል። ትልልቁ ተጠምዶ ሲያልቅ ትናንሹ ይፈላል፤ ጋጮቹ ያልቃሉ፤ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። አውሮፓ ውስጥ ከጥልቀት የለሽ ሐይቆች ካርፕ የሚባለውን ዓሣና መሰሎቹን እያወጡ ውሃውን ያጠሩበት ጊዜ አለ። ብርሃን ወለሉ ሲደርስ የውሃ ሣር ተመልሶ ይበቅላል፣ ሣሩም ጭቃውን ይይዛል።

እዚህ ግን ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። በሞቃት አገር ትናንሽ ዓሦች ዓመቱን ሙሉ ስለሚባዙ ቢቀነሱም ቶሎ ይተካሉ። ቆሮሶ ደግሞ ራሱ ዋቅላሚ በሊታ ነው። የሆዱ አሲድ ኃይለኛ ስለሆነ ብዙ ዓሣ የማይፈጨውን ይፈጫል። ከዚያ ኩሱን እዚያው ይጥላል፤ ማዳበሪያው ተመልሶ ውሃው ውስጥ ገባ ማለት ነው!

"ደምበል ሐይቅስ፣ ዝዋይ?" አሉኝ ጋሼ። እሱማ የባሰ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር አይሞላም፣ ነፋስ ብቻውን ይበጠብጠዋል። ከውጭ የገባው ካርፕ ደግሞ ምግቡን የሚፈልገው ወለሉን እየቆፈረ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ 20 ሜትር ያህል ስለሚደርስ መሐሉን ዓሣ ቆፍሮ አያደፈርሰውም። ዳር ዳሩ፣ ደንገሉ ያለበት፣ ቆሮሶ የሚፈለፈልበት ነው የሚያሳስበኝ። ጋሼም ዓይነ ጠባብ መረብ የሚጥሉትን ሲረግሙ ነበር የቆዩት።

ይህን ሁሉ ተግባብተን ወደብ ስንደርስ ሂሳቡ ጨመረ። "ጉማሬ አይተሻላ፣ 200 ጨምሪ" አሉኝ። ጉማሬው ከሩቅ ጆሮውን ብቻ ነው ያሳየን። ለጆሮ 200 ብር አልከፍልም አልኩ። እሳቸውም ስቀው በ100 ተስማማን።