ዴይተን ላይ ያየሁት ጥቁር አውሮፕላን

ኦሃዮ ውስጥ፣ ዴይተን አጠገብ ወዳለው የአሜሪካ አየር ኃይል ብሔራዊ ሙዚየም የሄድኩት ለራዳር በቀላሉ እንዳይታይ የተሠራውን የአሜሪካ የጦር አውሮፕላን ኤፍ-117ን በዓይኔ ለማየት ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ግቢው ግን ሰፊ ስለሆነ ምቹ ጫማ አድርጉ።

የቀዝቃዛው ጦርነት አዳራሽ ውስጥ አገኘሁት። ጥቁር ነው፣ ክብ የሚባል ነገር የለውም። ገላው በሙሉ ጠፍጣፋ ገጾች ተገጣጥመው የተሠራ ሲሆን፣ ራዳር የላከው ሞገድ ሲያርፍበት እያንዳንዱ ገጽ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውረዋል፤ ወደ ላኪው የሚመለሰው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ሞገዱ ወዴት እንደሚበተን የማስላቱ መነሻ፣ የሚገርመው፣ ሶቪየቱ ሳይንቲስት ፒዮትር ኡፊምትሴቭ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። አውሮፕላኑን የሠራው የሎክሂድ ኩባንያ መሐንዲሶች ያንን ጽሑፍ ይዘው ተነሱ። ግን የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ጎባጣ ገጽ ማስላት ስለሚከብደው ጠፍጣፋውን ብቻ ያዙ። ቅርጹን የወሰነው የኮምፒውተሩ አቅም ነው ማለት ይቻላል።

ጠጋ ብዬ የአየር ማስገቢያውን አየሁት። ወንፊት በሚመስል ፍርግርግ ተሸፍኗል። አየር ያልፋል፣ የራዳር ሞገድ ግን ቀዳዳው ይጠበውና ሞተሩ ጋ አይደርስም። የኮክፒቱ (የአብራሪው ክፍል) መስታወት ጠርዝም እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ፎቶ ተነስቶ ያልፋል፣ ያሳዝናል።

ተዋጊ ይባላል እንጂ መትረየስም ራዳርም የለውም፣ ከድምፅም አይፈጥንም። ሥራው በሌሊት ገብቶ ሁለት ቦምብ ጥሎ መውጣት ነው። በ1981 በረረ፣ እስከ 1988 ድረስ ግን መኖሩ በይፋ አልታመነም። ደግሞ "አይታይም" የሚሉትን አትስሙ። ራዳር የሚያየው በጣም ሲቀርብ ነው እንጂ ጨርሶ አይሰወርም፤ በ1999 ሰርቢያ ላይ አንዱን በአሮጌ የሶቪየት ሚሳይል ጥለውታል።

እዚያው ሙዚየም ከኤፍ-117 በኋላ የመጣው፣ እንደሱ ከራዳር የሚሸሸግ ተዋጊ ኤፍ-22ም አለ። ገላው ልስልስ ብሎ ይጎብጣል፤ ኮምፒውተሩ ማደጉን ቆዳው ላይ ታነቡታላችሁ። ሚሳይሎቹን ሆዱ ውስጥ ይደብቃል፣ ተጨማሪ ነዳጅ ከሞተሩ ኋላ ሳያቃጥል ከድምፅ በላይ ይበራል።

ልቤን የወሰደው ግን የአየር ኃይሉ አዲስ ተዋጊ ለመሆን በተደረገው ውድድር በ1991 በኤፍ-22 የተሸነፈው የሙከራ አውሮፕላን ዋይኤፍ-23 ነው። የተሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው። የሞተሩ ሙቀት ከታች እንዳይታይ ጭሱ የሚወጣው በጀርባው ላይ ባለ ቦይ ነው። ከኋላው ቆሜ ያንን ቦይ ሳይ የመዝጊያው ሰዓት ደረሰ።