ከላጭ ወደ አስተካካይ

መጀመሪያ የላጨሁት ሰው አይደለም፤ ፊኛ ነው። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ባለች ሦስት ወንበር ያላት ፀጉር ቤት። ጋሼ፣ ባለቤቱ ማለቴ ነው፣ ፊኛውን ነፍተው ሳሙና ቀቡትና ምላጭ ሰጡኝ። "ሳይፈነዳ ሳሙናውን አንሳ" አሉኝ። አምስት ፊኛ እጄ ላይ ፈነዳ። ከዚያ በፊት ሦስት ወር ሙሉ መጥረጊያ ብቻ ነበር የያዝኩት።

አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንድ ሽማግሌ ጺማቸውን ሊላጩ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቸኮልኩ። ከአገጫቸው ሥር ፀጉሩ ወደ ጎን ዞሮ የሚበቅልበት ቦታ ነበር፣ እኔ ሳልዳብስ ከታች ወደ ላይ ሳብኩት። መጀመሪያ ቀይ ክር መሰለ። ቀጥሎ ነጩ ፎጣ ላይ ጠብ አለ። እጄ ደነዘዘ። እሳቸው በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና "አንተ ልጅ፣ ዋግምት ማን አዘዘልኝ?" አሉ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። እኔ ደግሞ ጥጥና አልኮል ፍለጋ መሳቢያውን ሁሉ አተራመስኩት።

ቀልዱ ግን ማታም አልለቀቀኝም። ዋግምት እኮ ቆዳን በምላጭ ጫር አድርጎ ደሙን በቀንድ መሳብ ነው። ሳነብ የአውሮፓ ፀጉር ቆራጮችም ደም ሲያወጡ፣ ጥርስ ሲነቅሉ፣ እባጭ ሲያፈርጡ ኖረዋል። እንግሊዝ ውስጥ በ1540 ፀጉር ቆራጮችና ቀዶ ሐኪሞች በሕግ አንድ ማኅበር ሆኑ፤ የተለያዩት በ1745 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የተተኮሰበት ሰው ቁስል ላይ የፈላ ዘይት ማፍሰስን የተወው ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬም የተነሣው ከዚሁ ሙያ ነው። ያን ሳነብ ትንሽ ኮራሁ፤ ፎጣው ትዝ ሲለኝ መልሼ አፈርኩ።

እኛ ዘንድ የቆየው ቃል "ላጭ" ነው። "የላጭን ልጅ ቅማል በላት" ይባል የለ? አያቴ መንደር ላጭ ማለት ምላጭና ቀላል እጅ ያለው ጎረቤት ነበር፤ ልጆቹን ቁንጮ አስቀርቶ ይላጫል፣ በቃ። ከተማው ግን "አስተካካይ" አለን። ቃሉን እወደዋለሁ። ላጭ ያነሳል፤ አስተካካይ ምን እንደሚተው ማወቅ አለበት።

አሁን ምላጭ ከማንሳቴ በፊት የደንበኛውን አንገት በአውራ ጣቴ እዳብሳለሁ። የእኛ ፀጉር ጥምዝ ስለሆነ ከአበቃቀሉ በተቃራኒ ከተላጨ ጫፉ ተጠማዞ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ያ የማጅራት ሽፍታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። "አሳጥረው፣ ሙልጭ አድርገው" የሚለኝን ደንበኛ እከራከራለሁ፤ ጉርሻ ቢያስቀርብኝም አልተውም። ምላጩን ደግሞ ደንበኛው እያየ ነው ከወረቀቱ የማወጣው። "ስለታም ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም" እየተባለ ያደገ ሰው ዓይኑ እጄ ላይ ነው፣ ልክም ነው። የራሱን ቶንዶስ በፌስታል ይዞ የሚመጣ አለ። ድሮ ይከፋኝ ነበር።

አንዴ አንዲት እናት ልጇን አምጥታ ፀጉሩን ከፈል ሳደርግ ቆረቆር አየሁ። ጮክ ብዬ ብናገር ልጁ ይሸማቀቃል። ወደ ውጭ ጠርቼ ነገርኳት፤ ሐኪም ሳያየው አልቆርጥም አልኳት። ገቢ ቀረብኝ። ከወር በኋላ ይዛው ተመለሰች።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የእኛም ቤት አብሮ ሄደ። አሁን አራት ኪሎ ወንበር ተከራይቼ እሠራለሁ። እኒያ አባባ በታክሲ እዚህ ድረስ ይመጣሉ። ባለፈው ሲቀመጡ አንገታቸውን ቀና አድርገው ከአገጫቸው ሥር በጣታቸው አሳዩኝ። "እዚህ ጋ ወደ ጎን ነው" አሉኝ፣ የማላውቅ ይመስል። አዲስ ምላጭ አውጥቼ ቀስ ብዬ ከላይ ወደ ታች ሳወርድ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።