ሥራና ስኖርክሊንግ በአንድ ደሴት፦ ካላንደሩን ለባሕሩ ስጡት

ለስኖርክሊንግ፣ ማለትም በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ፊትን ውሃ ውስጥ አድርጎ ከላይ እየዋኙ የባሕሩን ውስጥ ለማየት፣ ሥራውን ይዞ ራቅ ወዳለ ደሴት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ጠዋት እሠራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ባሕር እገባለሁ» ብሎ ያቅዳል። ዕቅዱ ሳምንት አይዘልቅም። በአብዛኞቹ የባሕር ዳርቻዎች ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሞላ ነገ 4 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ በሳምንቱ ደግሞ ያው የጠዋቱ 3 ሰዓት ጉድለት ላይ ይውላል።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? ከዳርቻው አጠገብ ያለው ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሰል ክምር) ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም። ውሃው ሲጎድል ሆድና ጉልበት ይቧጠጣል፣ ኮራሉም ይሰበራል። ከኮራሉ ጀርባ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ውጭ የሚወጣው በጠባብ መተላለፊያዎች ስለሆነ፣ እዚያ ያለው ፍሰት ጎበዝ ዋናተኛን ሳይቀር ወደ ጥልቁ ይወስዳል። ጥሩው ጊዜ ውሃው ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ ሞልቶ ረጋ እስኪል ድረስ ያለው ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን የሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ አውጡና መጀመሪያ የሙላቱን ሰዓት ካላንደር ላይ ዝጉ፤ ስብሰባዎቹን በተረፈው ቦታ አስገቡ። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ስለሚሰፋ ፍሰቱም ይበረታል። ሁልጊዜም ሲወጡ ፍሰቱን ተቃርኖ፣ ሲመለሱ አብሮት መዋኘት ነው፤ የደከመ ሰው ከውሃ ጋር መታገል የለበትም።

ማስክ (ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍነውን የመዋኛ መስታወት) ከቤት ይዞ መሄድ ያዋጣል፤ የኪራዩ ማስክ የማንን ፊት ታስቦ እንደተሠራ እንጃ። ሲገዙ መፈተኛው ቀላል ነው፦ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊት ላይ አድርጉት፣ በአፍንጫ ትንሽ አየር ሳቡና እጃችሁን ልቀቁ። ሳይወድቅ ከቆየ ይሆናል። ውሃ የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ ከጎማው ጠርዝ ሥር የገባ ፀጉር ወይም ጺም ነው። ማሰሪያውን ማጥበቅ ደግሞ ጎማውን ስለሚያጣምመው ነገሩን ያባብሰዋል። አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ስስ ሽፋን ስላለ መስታወቱ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ውስጡን በነጭ የጥርስ ሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ አሽታችሁ እጠቡት። ከዚያ በኋላ ከመግባታችሁ በፊት በውሃ የቀጠነ የሕፃናት ሻምፑ ጠብ አድርጎ ማለቅለቅ ይበቃል። በአፍንጫ ወደ ማስኩ መተንፈስም ያደበዝዘዋል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ኢንተርኔቱ በምን ዓይነት ሳተላይት እንደሚመጣ ነው። 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ሳተላይት ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ኢሜይል ይሠራል፣ በቪዲዮ ስብሰባ ግን ሰው አንዱ የሌላውን ንግግር ያቋርጣል። በ550 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚዞሩት እንዲህ አይዘገዩም። ከባድ ዝናብ ግን ሁለቱንም ያዳክማል። ትልልቅ ፋይሎችን አስቀድሞ ላፕቶፑ ላይ ማውረድ ግድ ነው።

መብራቱ በጄኔሬተር ከሆነ ሲነሳ ቮልቴጁ ስለሚዘልል ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ የሚባክነው ሲቀነስ አንድ ላፕቶፕ አንዴ ቢሞላ ነው። አውሮፕላን ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ሲሆን፣ እሱም በእጅ ሻንጣ እንጂ ከሚጫነው ጋር አይሄድም።

ስልክ «ውሃ አያስገባም» ቢባልም ሙከራው የሚደረገው በንጹሕ ውሃ ነው። ጨው የቻርጅ ቀዳዳውን ይበላዋል፤ ስለዚህ በታሸገ መያዣ ካልሆነ ባሕር አታስገቡት። መያዣውን መጀመሪያ ባዶውን ባልዲ ውስጥ ንከሩት። የጎማ ቀለበቱ ላይ የተቀመጠች አንዲት ፀጉር ለውሃ በቂ በር ናት።

ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀር ዕቃውን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። ወደ ትንንሽ ደሴቶች የሚበሩ አውሮፕላኖች ሻንጣን በኪሎ ይቆጥራሉ፣ እርጥብ ልብስና የእግር መቅዘፊያ ደግሞ ሚዛን ላይ ይከብዳል። በስኖርክል ብቻ የዋኘ ሰው በዚያው ቀን መብረር ይችላል። በመካከሉ በአየር ሲሊንደር የጠለቀ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ከጠለቀ 18 ሰዓት መቆየት አለበት።