ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ ፍልውሃ

የእናቴ ጉልበት ክረምት ሲገባ ይጠናባታል። ሐምሌ ላይ «ፍልውሃ ውሰጂኝ» ስትለኝ፣ መጀመሪያ እንጦጦ እንውጣ ብዬ ለመንኳት። የጥንቶቹ ሰዎች በወረዱበት አቅጣጫ ላወርዳት ፈልጌ ነበር።

እንጦጦ ማርያም ደጅ ስንደርስ ጉሙ ገና አልተነሣም። እናቴ ተሳልማ ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ሳበችው። «በዚህ ብርድ እንዴት ኖሩ?» አለች። የአዲስ አበባ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያልፋል፤ ጠላትን አሻግሮ ለማየት የተመቸ፣ ለኑሮ ግን ብርድና ነፋስ የማይለየው፣ ማገዶ የራቀው ቦታ ነበር። ከታች ሜዳው ላይ ደግሞ ፍል ውሃ ይፈልቃል። ለቁርጥማትና ለቆዳ ሕመም ፍቱን ነው ስለተባለ የቤተ መንግሥቱ ሰው እየወረደ፣ ድንኳን እየተከለ ይታጠብበት ነበር።

ወይዘሮ ጣይቱ፣ ገና እቴጌ ሳይባሉ፣ ከውሃው አጠገብ ቤት መሥሪያ ቦታ ጠየቁ። በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ሐረር ዘምተው ሳሉ ቤቱ ተሠራ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም እየተከተሉ በዙሪያው ሰፈሩ። ለመታጠብ የወረደው ሁሉ በዚያው ቀረ፤ ከተማ ሆነ።

ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። የቱለማ ኦሮሞ ፊንፊኔ የሚለው፣ ከብቱን ሆራ፣ ማዕድን ያለውን የምንጭ ውሃ፣ የሚያጠጣበት ሀገር ነበር፤ ከተማዋ ስትሰፋ ብዙዎች ከይዞታቸው ተነሡ። ይህን ዘሎ የአዲስ አበባን ልደት መተረክ ግማሹን መተው ነው። የውሃውን ደግነት ከመኳንንቱ በፊት ያወቁት እረኞቹና ከብቶቻቸው ናቸው።

በሽሮ ሜዳ በኩል ስንወርድ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች በመንገዱ ዳር ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። እናቴ ከታክሲው መስኮት እያየች «አይዟችሁ» ትላለች፤ ማንም እንደማይሰማት እያወቀች።

ፍልውሃ ግቢ ውስጥ ቁጥር ይዘን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ምንጩ ሲፈላ ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ ዛሬ ግን ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ ተስቦ በቧንቧ ነው የሚመጣው። ዝናብ በዓለት ስንጥቅ ሠርጎ፣ የምድርን ሙቀት ጠጥቶ፣ የፍልውሃ ስብራት በሚባለው የመሬት ስንጥቅ በኩል ተመልሶ ይወጣል። ምናልባት እናቴ ገንዳ ውስጥ የገባው ከብዙ ዘመን በፊት የዘነበ ዝናብ ነው፤ ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

ተራችን ደረሰ። ውሃው ከቧንቧው ሲወርድ እጅ አያስነካም፤ ቀዝቃዛ ቀላቀልኩበት። እንፋሎቱ ግድግዳውን አላበው። እናቴ አማትባ፣ ክንዴን ይዛ ቀስ ብላ ገባች። ጉልበቷን በሁለት እጇ አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች። የጣቶቿ አንጓዎች ያበጡ ናቸው፤ ሁልጊዜ እንደ ጨበጠቻቸው ናት። ውሃው ውስጥ ቀስ በቀስ ተፈቱ።

«እቴጌ ጣይቱም እዚሁ ነው የታጠቡት?»

«እዚሁ ግድም ነው፣ እማዬ።»

በጣሳ ቀድታ ትከሻዋ ላይ አፈሰሰች። ጊዜያችን አልቆ በሩ እስኪንኳኳ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣትም።