ፀሐይ ረቡዕ፣ ቀን ከእሑድ

ዛሬ ጠዋት፣ ከሐይቅ ደሴ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ። የሰባተኛ ክፍል የሚሆን ልጅ አጠገቡ ያሉትን መሪጌታ፦ «የኔታ፣ ፀሐይ ረቡዕ ከተፈጠረች እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ በምን ተቆጠሩ?»

የኔታ ጣታቸውን እያጠፉ፦ «እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4፤ 22 ፍጥረት። ብርሃን ከእሑዶቹ 8 አንዱ ነው። ቀንን ከሌሊት የለየው እሱ ነው።» ጣታቸው ስላልበቃ የልጁን እጅ ተበድረው ነበር የጨረሱት።

ከኋላ ወንበር አንድ ሼህ፦ «የኛም ስድስት ቀን ነው የኔታ፤ ግን ቁርኣን ሱረቱል ሐጅ 47 ላይ ጌታህ ዘንድ አንድ ቀን ከምትቆጥሩት እንደ ሺህ ዓመት ነው ይላል።»

የኔታ አልተቆጡም፤ መጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 4ን ጠሩ። አዳም «በበላህ ቀን ትሞታለህ» ተብሎ 930 ዓመት ኖረ፤ ሺህ ሊሞላ 70 ሲቀረው ስለሞተ ቃሉ ሳይፈርስ በዚያው «ቀን» ሞተ።

ይህን ሲነጋገሩ ያለፍነው በቦሩ ሜዳ ነው፤ በ1870 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖት ያ ሁሉ ክርክር የተደረገበት!

«የፍጥረት ቀን 24 ሰዓት ነው» ባዮች ዘፍጥረት 1 ላይ «ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ» የሚለውን ይዘዋል፤ ጠንካራ ነው። ግን 7ኛው ቀን ላይ ይህ ቃል የለም፤ ዘፍጥረት 2፥4 ደግሞ ሥራውን ሁሉ «ባደረገ ቀን» ብሎ በአንድ ይጠቀልለዋል። ልጁ ቀጥሎ የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ ረዳቱ «ወራጅ!» አለ።