ጉልበቴ በጉልበቴ ሲፈስ

በጦር ውርወራ ስፖርት የወንዶች ጦር ክብደቱ 800 ግራም ብቻ ነው። ችግሩ ርዝመቱ ነው፤ ከ2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ነገር ይዞ የሚመጣን ሰው የሚያሳፍር የታክሲ ረዳት እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ በደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ ጦሬን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ እስከ ሜዳው በእግሬ እሄዳለሁ። ሜዳው ስደርስ ደግሞ ሯጮቹ ዙራቸውን ጨርሰው ዘወር እስኪሉልኝ እጠብቃለሁ። በሯጮች አገር ወርዋሪ መሆን እንዲህ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ 54 ሜትር ላይ ቆምኩ። መድኃኒቱ ብረት ማንሳት ነው ብዬ አመንኩ። ጂም የምንለው ቤት ብረቶቹን ራሱ የሠራ ነበር፤ የውኃ ቧንቧ ተቆርጦ፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሲሚንቶ ተሞልቶ በሁለቱ ጫፎች ይተከላል። ክብደቱን እህል ነጋዴ ጋ ወስደን በሚዛን አስመዘንነው። ከወራት በኋላ አንደኛው ጎን ከሌላው በሁለት ኪሎ እንደሚበልጥ ስንደርስበት ወገቤ ለምን በግራ በኩል ብቻ እንደሚያመኝ ገባኝ።

ያም ሆኖ በረታሁ። ብረት ተሸክሜ የምሠራው ቁጭ ብድግ ከ80 ኪሎ ወደ 130 ኪሎ አደገ፣ ሰውነቴ ሰባት ኪሎ ጨመረ፣ ሸሚዞቼ ጠበቡኝ። ጦሩ ግን 54 ሜትር ከ60 ላይ ተተከለ። ለስድስት ወር ልፋት ያገኘሁት ስልሳ ሳንቲ ሜትር ነበር።

ነገሩን የገለጠልኝ የአንድ ጓደኛዬ ስልክ ነው። ስወረውር ከጎን ቀረጸኝና አዘግይተን ተመለከትነው። መንደርደሪያው ደህና ነው፤ ሰውነቴ ወደ ኋላ ጋደል ብሏል፣ ክንዴ ተዘርግቷል። ከዚያ ግራ እግሬ መሬት ይነካል፤ ወዲያው ጉልበቱ እጥፍ ይላል፣ እኔም ከጦሩ ጋር አብሬ ወደ ፊት እወርዳለሁ። አማርኛችን ለመገጣጠሚያውም ለኃይሉም አንድ ቃል መስጠቱ ያን ቀን ብቻ ነው ያሳቀኝ፤ ጉልበቴ የሚፈሰው በጉልበቴ ነበር። ወርዋሪ ሲንደረደር ያጠራቀመውን ፍጥነት ወደ ላይ የሚያሻግርለት ያ ግራ እግር ነው። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ኃይሉ ከእግር ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ትከሻ፣ ከዚያ ወደ ክርንና ወደ እጅ በተራው አይደርስም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ግራ እግር መሬት ከነካበት ጦሩ ከእጅ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ከሰከንድ አንድ አስረኛ እምብዛም አይበልጥም። ጡንቻ ደግሞ ሙሉ ኃይሉን ለማውጣት ከዚያ እጥፍ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ 130 ኪሎ ይዤ እያቃሰትኩ ቀስ ብዬ ስነሳ ሰውነቴን ያስተማርኩት ቀስ ብሎ መበርታትን ነበር። ከባዱ ብረት ከንቱ አልነበረም፤ መሠረቱን ጥሎልኛል። ስህተቴ ዓመቱን ሙሉ መሠረት ብቻ መቆፈሬ ነው።

ልምምዴን እንዲህ ለወጥኩት። ክረምቱን ለስምንት ሳምንት በሳምንት ሁለት ቀን ከባድ ቁጭ ብድግ፣ ከአምስት ድግግሞሽ ሳላልፍ። ከመስከረም በኋላ ብረቱን ወደ ግማሽ አወረድኩና አነሳሱን አፈጠንኩ፤ ሦስት ጊዜ ብቻ በሙሉ ፍጥነት፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ ዕረፍት። ብረቱ ሲዘገይ ካየሁ፣ አልደከመኝም ብልም፣ የዚያ ቀን ሥራ አበቃ። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ ሳይደክመው ወደ ቤቱ የሚመለስ ስፖርተኛ የሰነፈ ይመስለዋል።

ለግራ እግሬ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ሣጥን ላይ ወርዶ፣ መሬት እንደነኩ ሳይታጠፉ ወደ ላይ መንጠርን ጨመርኩ። አርፎ መዝለል ዋጋ የለውም፤ መሬቱ የጋለ ምጣድ እንደሆነ አድርጌ ነበር የማስበው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ኳስ ነው። ያረጀ የቅርጫት ኳስ ቀድጄ አሸዋ ሞላሁበትና ሦስት ኪሎ ሲሆን ጫማ ሰፊ ሰፋልኝ። ግራ እግሬን አስቀድሜ፣ በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አድርጌ የትምህርት ቤቱን መጋዘን ግድግዳ እደበድባለሁ። የመጀመሪያ ቀን ዘበኛው መጥተው «ልጄ፣ ከግድግዳው ጋር ምን አጣላህ?» አሉኝ። «አባባ፣ ልምምድ ነው» ብላቸውም አላመኑኝም። ዳሌዬ ቀድሞ ሲዞር ኳሱ ግድግዳውን የሚመታበት ድምፅ ይለያል፤ ጠጣርና አጭር ይሆናል። በክንዴ ብቻ የወረወርኩ ቀን ልፍስፍስ ያለ ድምፅ ነው። ከጊዜ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬ ብቻ አርም ነበር።

ኳሱ በሠራልኝ ልክ ደግሞ ጎዳኝ። ሦስት ኪሎውን በአንድ እጄ፣ ክርኔን ከትከሻዬ በታች አውርጄ መወርወር ጀመርኩ፤ ማንም አልመከረኝም፣ ስግብግብነት ነው። በሦስተኛው ሳምንት የክርኔ የውስጥ ጎን እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር። ሰባት ሳምንት ጦር አልነካሁም። አሁን ከባዱን ኳስ በሁለት እጅ ብቻ፣ በአንድ እጅ የሚወረወረውን ከአንድ ኪሎ ሳላሳልፍ እሠራለሁ።

በዚያ የሕመም ጊዜ ያጽናናኝ ኬንያዊው ጁሊየስ ዬጎ ነው። እሱም የሯጮች አገር ልጅ ነው፤ የዩቲዩብ ቪዲዮ እያየ ጦር መወርወር ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ቤይጂንግ ላይ በ92 ሜትር ከ72 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እኔም ቪዲዮዎችን አገላበጥኩ። እ.ኤ.አ. በ1996 በ98 ሜትር ከ48 የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው ቼካዊው ያን ዜሌዝኒ እንደ አሎሎ ወርዋሪ የገዘፈ ሰው አይደለም። ግራ እግሩን ሳየው ግን በሩጫ መጥቶ ድንገት ከአጥር ጋር የተጋጨ ይመስላል፤ እግሩ ቆሞ ከወገብ በላይ ያለው ሁሉ ይወነጨፋል።

በዓመቱ ሳልንደረደር ከቆምኩበት ወደ ፊት የምዘለው ርቀት ከ2 ሜትር ከ55 ወደ 2 ሜትር ከ74 አደገ፤ ጦሩም 60 ሜትር ከ10 ሄደ። ሰውነቴ በዚያን ጊዜ ከጨመርኩት ሰባት ኪሎ አራቱን ጥሏል።

አሁን የሚያስቸግረኝ መንደርደሪያው ነው። ቆሜ ስወረውር 47 ሜትር እደርሳለሁ፤ ሙሉ ተንደርድሬ የማተርፈው 13 ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባ ነበር። እግር በእግር እየተሻገረ በሚኬድባቸው የመጨረሻ እርምጃዎች ላይ ፍጥነቴን የምጥለው ይመስለኛል። ሯጮቹ ሜዳውን በሚለቁልኝ ሰዓት ጦሩን ሣር ላይ አስቀምጬ እነዚያን አምስት እርምጃዎች ባዶ እጄን እመላለስባቸዋለሁ።