በሳጥን የተተካው ፊደል

ሐረር ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ብዙም በማይርቅ አንድ አነስተኛ የኅትመትና የዲዛይን ቤት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ በየዕለቱ የማልዘለው አንድ ሥርዓት አለ። ትልልቅ ባነር የሚያትም ማሽን ስለሌለን ፋይሉን ድሬዳዋ ለሚገኝ ማተሚያ ቤት እንልካለን፤ ከመላካችን በፊት ግን ኮሬልድሮ በተባለው የዲዛይን ፕሮግራም የተጻፈውን ጽሑፍ በሙሉ «ከርቭ» እናደርገዋለን። ከርቭ የተደረገ ጽሑፍ ፊደልነቱ ይቀርና ሥዕል ይሆናል፤ ስለዚህ እኛ የተጠቀምንበት ፎንት፣ ማለትም ለፊደሎቹ መልክ የሚሰጠው ፋይል፣ በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ባይኖርም መልኩ አይለወጥም። የዚህን ጥቅም ያወቅሁት በአንድ የሠርግ ባነር ነው። ከርቭ ሳላደርገው ላክሁት፤ በዚያ ያለው ኮምፒውተር ሌላ ፎንት ተካበት፤ ፊደሎቹ ሰፉና ቀኑ የተጻፈበት የመጨረሻ መስመር ከጠርዙ ውጭ ቀረ። ባነሩ በእኛ ወጪ እንደገና ታተመ። ከዚያን ቀን በኋላ ይህን ስሕተት እደግመዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የደገምሁት ግን ባነር ላይ ሳይሆን የመጀመሪያዬ የሆነውን ቪዲዮ ጌም ስሠራ ነው።

ነገሩ የመጣው በሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። ከእኔ በዕድሜ የሚያንሰው ይህ ልጅ፣ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ሁሉ ጎዶት በተባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ሲለማመድ ከርሟል። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ አንድ ፋይል አውርዶ መክፈት ብቻ ይበቃል፤ በእኛ ቤት ባሉት አሮጌ ኮምፒውተሮችም ይሠራል። አንድ ቀን የ48 ሰዓት ጌም ጃም ውስጥ እንግባ አለኝ። ጌም ጃም ማለት ተሳታፊዎች ርእስ ከተነገራቸው ጀምሮ በተወሰነ አጭር ጊዜ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የሳምንት መጨረሻ፣ አንድ ሙሉ ጨዋታ ሠርተው የሚያስረክቡበት ዝግጅት ነው። ሉደም ዴር የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2002፣ ግሎባል ጌም ጃም ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ሲካሄዱ ቆይተዋል፤ ከእነዚህ ሌላ ኢች ዶት አዮ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው የሚያዘጋጃቸው ትንንሽ ጃሞች በየሳምንቱ ይኖራሉ። እኛ የተመዘገብነው ከእነዚህ ትንንሾቹ በአንዱ ነበር። ጋሼ የምንለው የቤቱ ባለቤት ቅዳሜና እሑድን በኮምፒውተሮቹ እንድንጠቀም ፈቀደልን።

የጃሙ መጀመሪያና መጨረሻ የተነገረው በግሪንዊች ሰዓት ነበር፤ ዓርብ 22:00 ተጀምሮ እሑድ 22:00 ያበቃል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት መሆኑን ሁለት ጊዜ አስልተን፣ በትልቅ ወረቀት ጽፈን ከማተሚያው ማሽን በላይ ለጠፍነው።

ርእሱ «ከንጋት በፊት» የሚል ሆነ። ሐረር ላደገ ሰው ይህን ርእስ ሰምቶ ጅብን አለማሰብ ይከብዳል። አሮጌውን ከተማ የሚከበው የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር እንደተሠራ የሚነገርለት ሲሆን፣ ከጥንት ጀምሮ ሰው የሚገባባቸው 5 በሮች አሉት፤ ከእነዚህ ሌላ ደግሞ በግንቡ ሥር ሐረሪዎች «ዋራባ ኑዱል» የሚሏቸው፣ ጅቦች በሌሊት የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጨዋታችን ይኸው ነው፦ ተጫዋቹ ጅብ ይሆናል፤ በቀዳዳው ይገባል፤ በጠባቦቹ መንገዶች የተጣለውን አጥንት ፈልጎ ሳይነጋ ይወጣል። መንገዱን የሚያመለክተው ካርታ ሳይሆን ከተዘጉ በሮች ጀርባ የሚሰማ የሰው ንግግር ነው። በጁገል ውስጥ የሚነገረው ሐረሪኛ በመሆኑ በእርሱ ብንጽፈው ይበልጥ ይገባ ነበር፤ ሆኖም ከመካከላችን ቋንቋውን አጥርቶ የሚጽፍ ስላልነበረ በአማርኛ ጻፍነው፤ ከሥሩም ለውጭ ተጫዋቾች በትንሽ ፊደል የእንግሊዝኛ ትርጉም አደረግንበት።

ንግግሮቹን የጻፈልን ጋሼ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሊያየን መጥቶ ሐሳቡን ስንነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠና በደረሰኝ ጀርባ ላይ ይጽፍ ጀመር። «ልጄ ገና አሁን ነው የተኛው፤ በቀስታ እለፍ።» «በላይኛው መንገድ ፋኖስ የያዘ ሰው ይመጣል።» «ዛሬ ሠርግ ነበር፤ ከታች ያለውን ደጅ ሳታይ አትሂድ።» እንዲህ ያሉ 20 ያህል ዓረፍተ ነገሮች ሰጠን። ሥዕሉንና ኮዱን በተመለከተ ብዙ የሚነገር የለም፤ አምስቱንም በሮች በአምስት ደረጃ ልንሠራ አስበን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቅማችንን አይተን ፈላና በርን ብቻ አስቀረን። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር። አንዱን መንገድ በደንብ ለመሥራት ጊዜ አገኘን፤ እሑድ ማታም ጨዋታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኮምፒውተራችን ላይ አለምንም እንከን ሄደ። የአማርኛው ጽሑፍ ደግሞ እጅግ ያምር ነበር።

ስሕተቱም የተደበቀው እዚያው ውስጥ ነበር። ጨዋታውን ለሁለት ቀናት ያየነው በመሥሪያው ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ነው። በድረ ገጽ ላይ ወደሚከፈት መልክ ለመለወጥ ጎዶት ሌላ የኤክስፖርት ፋይል ማውረድ ይጠይቃል፤ ይህ ፋይል ከፕሮግራሙ ራሱ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥና በሞባይል ዳታ ስለምንጠቀም፣ «መጨረሻ ላይ እናወርደዋለን» ብለን አቆየነው። እሑድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ወርዶ አለቀ፤ ጨዋታውን ለውጠን ጫንነው፤ ባልደረባዬም ሊንኩን ድሬዳዋ ሳቢያን ለሚኖር የአጎቱ ልጅ ላከለት። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ስልኩ ጮኸ። «አቦ፣ ጨዋታው ያምራል፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ነገር ግን ሳጥን ብቻ ነው!»

በራሳችን ብራውዘር ስንከፍተውም እንዲሁ ነበር። እንግሊዝኛው ይነበባል፤ ከበላዩ ጋሼ የጻፋቸው ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ በተርታ የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ሆነዋል።

የኅትመት ሰው በመሆኔ ችግሩን ለመለየት ጊዜ አልወሰደብኝም። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የቀድሞ ፎንቶች የአማርኛን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆን ነበር፤ ይህን በሥራችን ስንት ጊዜ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ፣ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ ካገኘ ወዲህ ግን ፎንት ቢጠፋም ፊደሉ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል፤ የሚጎድለው መልኩ ብቻ ስለሆነ በምትኩ ሳጥን ይወጣል። ሳጥን ማየት ማለት እንግዲህ ጽሑፉ አልተበላሸም፣ የሚያለብሰው ፎንት አላገኘም ማለት ነው። ጎዶት ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። በዊንዶውስ ላይ ስንሠራ ግን የጎደለውን ከኮምፒውተሩ ፎንቶች ሳይነግረን እየተበደረ ያሳየን ነበር፤ ብራውዘር ውስጥ ሲገባ ይህን ብድር የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ያ ያማረ ጽሑፍ ከመጀመሪያውም የጨዋታችን አልነበረም፤ የኮምፒውተራችን ነበር።

ባልደረባዬ ሰዓቱን አይቶ፣ «እህቴ፣ አማርኛውን እናውጣውና በእንግሊዝኛው ብቻ እንላከው፤ ጨዋታውኮ ያለ እርሱም ይሄዳል» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ይሄዳል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት እንደዚያ ማድረግን ልቤ እምቢ አለ። አንድ አዛውንት ሙሉ ጠዋት ቁጭ ብለው ቃላት ሲመርጡ አይቻለሁ፤ የጁገልን ሌሊት የሠሩትም የሥዕሉ ግንብ ሳይሆን እነዚያ ድምፆች ናቸው። ችግር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚወጣው ፊደላችን የሚሆንበትን ልማድ በገዛ እጄ መድገም አልፈለግሁም። «ፎንት ነው የጎደለው፤ ፎንት ደግሞ የእኛ ሥራ ነው» አልሁት። «አብሽሪ፣ እንሞክራለን» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ።

በቤታችን ፍላሽ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ የአማርኛ ፎንቶች አሉ፤ ከብዙዎቹ ጋር ግን ማን እንደሠራቸውና ለሌላ ሰው ማስተላለፍ የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት የለም። ጨዋታ ውስጥ የሚገባ ፎንት ከጨዋታው ጋር አብሮ ለሕዝብ የሚከፋፈል በመሆኑ ይህን መለየት ግድ ነው። ስለዚህ በነፃ ፈቃድ የሚሰራጨውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መረጥን፤ የፈቃዱንም ጽሑፍ አብረን አስቀመጥን። ፋይሉን በፕሮጀክቱ አቃፊ ውስጥ ከተን የጨዋታው ዋና ፎንት እንዲሆን ከመደብነው በኋላ እንደገና ለውጠን ከፈትነው፤ ንግግሮቹ ወጡ። የጨዋታው ስም ብቻ አሁንም ሳጥን ነበር፤ ለካ ቅዳሜ ዕለት እንዲደምቅ ብዬ ለእርሱ ለብቻው ከዊንዶውስ ፎንቶች አንዱን በስም ጠርቼለት ኖሯል። እሱንም አስተካከልን።

ከዚያ የመጣው ግን ያልጠበቅሁት ነበር። የኖቶ ፊደሎች ዊንዶውስ ያበድረን ከነበሩት ስለሚሰፉ፣ ረዣዥሞቹ ዓረፍተ ነገሮች ከንግግር ማሳያው ክፈፍ ውጭ ወጡ፤ የሠርጉ ዓረፍተ ነገር የመጨረሻ መስመሩ ከጠርዙ በታች ተቆርጦ ቀረ። ያንን ባነር እንደገና ያየሁ ያህል ሆነብኝ። የፊደሉን መጠን ከ24 ወደ 20 አወረድን፤ አራት ዓረፍተ ነገሮችን ደግሞ በሁለት በሁለት ከፈልናቸው። ፋይሉ ተጭኖ ሲያልቅ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን 12 ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሳቢያን ያለው ልጅ ሳይተኛ ጠብቆን፣ «አሁን ይነበባል» ሲል ጻፈልን።

ሰኞ ዕለት ከሥራችን ውስጥ ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛው ባልደረባዬ የሚያደርገው ነው፤ አዲስ ጨዋታ ሲጀምር ገና ምንም ሳይሥል «ሀ ሁ ሂ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጽፎ ወደ ድረ ገጽ ይለውጥና በስልኩ ይከፍተዋል፤ የኤክስፖርት ፋይሉንም ከጃሙ በፊት አውርዶ ያስቀምጣል። ሁለተኛው የቤቱ ነው፤ ከማዕዘን የነበረውን አሮጌ ኮምፒውተር አጽድተን ከዊንዶውስ በቀር ምንም ፎንት ሳንጨምርበት አስቀመጥነው፤ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ማንኛውም ሥራ፣ ከርቭ ተደርጓል የተባለውም ጭምር፣ መጀመሪያ በእርሱ ላይ ይከፈታል። በመጀመሪያው ወር ብቻ ወደ ከርቭ ሳይለወጡ የቀሩ መስመሮች ያሉባቸውን ሦስት ፋይሎች ይዞልናል።

ጋሼ የዚያን ዕለት ጠዋት ጨዋታውን በስልኩ ከፈትንለት። መነጽሩን አድርጎ፣ ጅቡን ወደ አጥንቱ ከመምራት ይልቅ ከበር ወደ በር እየወሰደ የጻፋቸውን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ አነበበ። ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ ስልኩን መልሶ ሰጠኝና፣ «ልጄ፣ ሐረርን በሃሌታው ሀ ጽፋችሁታል፤ እኔ የሰጠኋችሁ በሐመሩ ሐ ነው» አለኝ። ለጃሙ ጨዋታዎች ድምፅ የሚሰጥበት ሳምንት እስኪያልቅ ፋይል መለወጥ ክልክል ስለነበር ቀኑን ጠብቀን፣ በተከፈተልን ምሽት አስተካክለን ጫንነው።